ሞላላው ደም

ሐዋሳ ላይ ከሰው ጋር ስትተዋወቁ ስማችሁን ከተናገራችሁ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል፤ «የማን ልጅ ነህ?» ጠያቂው ክፋት የለበትም። የአባታችሁን፣ የአያታችሁን፣ የጎሳችሁን ስም ሲሰማ በሆነ በኩል የሚያገናኛችሁን ሰው ፈልጎ ያገኝና «ኧረ እኛማ ዘመድ ነን» ብሎ እንደገና ሰላም ሊላችሁ ነው። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ስሰማ ስልኬ የጠራ አስመስዬ ዘወር እላለሁ። በዚህ ዘዴ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የሚደውልልኝ ሰው እንደሌለ የሚያውቅብኝ የለም።

ስሜ ማቲዎስ ነው። ያደግሁት እዚሁ ከተማ፣ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ማን እንደወለደኝ፣ ማን በር ላይ እንዳስቀመጠኝ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። የአባት ስም ተብሎ የተሰጠኝ ማሳደጊያውን የመሠረቱት ሽማግሌ ስም ነው። አብረውኝ ያደጉት ሁሉ ይህንኑ ስም ስለያዙ፣ በወረቀት ከሄዳችሁ እኚያ ሰውዬ ከንጉሥ የበለጠ ልጅ አላቸው። ሰዎች በዚህ ሲቀልዱ አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ታቦር ሰፈር ወደተከራየኋት አንድ ክፍል እገባና በሬን ዘግቼ ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። የማየው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲያወራ ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን ካማራችሁ ኋላ ላይ ትደርሱበታላችሁ።

የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አለቃዬ ዶክተር ሕይወት የወባ ደም የምትለይ አንዲት ትንሽ ነገር እየሞከረች ነው፤ ቺፕ እንላታለን። አውራ ጣት የምታክል፣ ብትጫኗት የምትለመጥ፣ ጥርት ያለች ሰሌዳ ናት። ውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሏት። ጥቂት ጠብታ ደም በቀጭን ቱቦ ስትሰጧት ደሙ በቦዮቹ ይሄዳል። ጤነኛው ቀይ ሕዋስ ለስላሳ ስለሆነ እየተጣጠፈ መሃል መሃሉን ይፈሳል። ወባ የገባበት ሕዋስ ግን ይደርቃል፣ አልታጠፍም ይላል፣ እየተገፋም ወደ ዳር ይወጣል። ዳር ዳሩን የሄደው በሌላ መውጫ ይጠራቀማል። በተራው ምርመራ ከብዙ ጤነኛ መሃል ተደብቆ የሚያመልጥ ጥቂት ወባ እዚያ መውጫ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል። ለስላሳው መሃል፣ ደረቁ ዳር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ቺፗን ለማስተካከል በየጊዜው የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። የኛ ቤት ልማድ ጤነኛ ፍለጋ ሩቅ አለመሄድ ነው፤ ሠራተኞቹ ተራ በተራ ክንዳችንን እንዘረጋለን። የኔ ተራ የደረሰ ቀን ጉድ ፈላ። ከደሜ ብዙው ወደ ዳር ወጣ። ዶክተር ሕይወት ቺፗ ተበላሽታለች ብላ ሌላ ቀየረች፤ ያው ሆነ። ከዚያ ደሜን መስታወት ላይ ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየችና ሳቅ አለች።

«ማቴ፣ ና እይ። ሕዋሶችህ ክብ አይደሉም።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክብ መሆን የነበረባቸው እንደ እንቁላል ሞላላ ናቸው።

«በሽታ ነው?»

«አይደለም። ስንቱ ሰው ሳያውቀው አብሮት ያረጃል። በዘር የሚመጣ ነው። ከእናትህ ነው ከአባትህ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ይቅርታ ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት ስልኬ የጠራ አስመስዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩበት። በዕድሜዬ ስለ ወላጆቼ የተነገረኝ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር፤ ከሁለቱ አንዳቸው ደማቸው ሞላላ ነው። ቁመታቸውን አላውቅም፣ ድምፃቸውን አላውቅም፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ይህችን ግን አወቅኩ። ለሌላ ሰው ምንም አይደለችም፤ እኔን ግን ደስ አሰኘችኝ፤ ለማንም ሳልናገር ይዣት ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ ደሜ ሌላ ሥራ አገኘ። ወባ ሳይኖርበት ወደ ዳር የሚወጣ ደም ስለሆነ ቺፗ እንዳትሳሳት ለማስተማር ይጠቅማል። ዶክተር ሕይወት «አሳሳቹ» ትለኝ ጀመር። በየጊዜው እሰጣለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ አርብ ጠዋት ነው። ዶክተር ሕይወት ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዳለች። እኔ ለጥናቱ ፈቃደኛ የሆኑ የትኩሳት በሽተኞችን ደም ለመቀበል ወደምንሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በዚያውም የራሴን ልቀዳ ነው። አግዳሚው ላይ አጠገቤ አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። የአሳ ሽታ አላቸው፤ ሐዋሳ ያደገ ሰው በዚህ አይከፋም።

«አንተንም ወባ ያዘህ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ እኔ ሠራተኛ ነኝ። ደም ልሰጥ ነው።»

«ለማን?»

«ለማሽን።»

«ዘንድሮ ማሽንም ደም መጠጣት ጀመረ?» አሉና በብርዱ መሃል ሳቁ። አማርኛቸው በሲዳምኛ ቅላጼ የታሸ ነው፤ ቃል ሲጠፋቸው በእጃቸው ይጨርሱታል። ቀጥለው ዞር ብለው ፊቴን አጠኑት።

«የማን ልጅ ነህ?»

እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። እሳቸው ግን መልስ አልጠበቁም። «እኔ አሞራ ገደል አሳ ገበያው ላይ ሾርባ የምሸጠው ወርቅነሽ ነኝ። ፊትህ አዲስ አልሆነብኝም።»

«ሾርባ ጠጥቼ ይሆናል።»

«ሾርባ የጠጣውን ሁሉ አላስታውስም። ፊትህን ነው ያልኩህ።»

ለጥናቱ ደም የምትቀዳው ሲስተር ሁለታችንን በአንድ ጊዜ ጠራችን። የእሳቸውን ቀዳች፣ የኔን ቀዳች፣ ብልቃጦቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። በዚህ መሃል ሰዎች ራሱን የሳተ ሕፃን ታቅፈው ሲገቡ ጥላን ሮጠች። ቆይታ መጥታ መለያውን ለጠፈችልኝና ይዤ ወጣሁ። በር ላይ እማማ ወርቅነሽን አገኘኋቸው። ተራው ምርመራቸው ደርሷል።

«ወባ አልታየም አሉኝ። ብርድ ነው፤ ውሰጂና ተኚ ብለው ይህን ሰጡኝ» አሉ፣ በእጃቸው የያዙትን የትኩሳት ማስታገሻ እያሳዩኝ።

«ይሻልዎታል፣ አይዞዎት» አልኳቸው። ሰው የሚለውን ነው ያልኩት።

ላቦራቶሪ ደርሼ መጀመሪያ የእሳቸውን ብልቃጥ ቺፗ ላይ አስገባሁ። በስክሪኑ እያየሁ ነው። ደሙ ገባ፣ በቦዮቹ ተሰራጨ፣ ከዚያ ወደ ዳር መውጣት ጀመረ። እንደ ወባ ጥቂት ጥቂት አይደለም፤ በብዛት ነው። ይህን አፈሳስ ከዚህ በፊት አይቼው አውቃለሁ። ያየሁት ደግሞ በአንድ ሰው ደም ብቻ ነው። መስታወት ላይ ቀባሁና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበስኩ። ወባ የለም። ሕዋሶቹ ግን ሞላላ ናቸው።

ተነሳሁ። ተቀመጥኩ። እንደገና አየሁ። ሞላላ ናቸው።

ሞላላ ደም ያለው ሰው ሁሉ ዘመዴ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሥራዬ ነው፤ ከእናንተ በላይ አውቃለሁ። ነገር ግን ሕይወቱን ሙሉ ከማንም ጋር ተመሳስሎ የማያውቅ ሰው ድንገት የሚመስለውን ሲያገኝ ዕውቀት ምን ይረባዋል? ፊትህ አዲስ አልሆነብኝም ያሉት ትዝ አለኝ። ለሰው መንገር ፈለግሁ። ስልኬን አወጣሁና ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየኋቸው፤ ዶክተር ሕይወት፣ የቤት አከራይ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ጀሪካን ውሃ የሚያመጣልኝ ሰው። መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

በሥራችን ሕግ ብልቃጡ ላይ ያለው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም፤ ባለቤቱን ፈልጎ መሄድ ክልክል ነው። እኔ ግን ልሄድ መወሰኔን ከወንበሩ ሳልነሳ አውቄዋለሁ። የራሴን ብልቃጥ ሳልሞክረው ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። የራሴን ደምማ አውቀዋለሁ ብዬ።

ቅዳሜ አሞራ ገደል ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ አሳ የሚገፍፉት ሰዎች ቢላዋቸውን እያፋጩ ይጫረታሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። የሾርባ ቤቶቹን ጠየቅሁ። አንዷ ምድጃ ቀዝቅዛለች፤ ድስቱ ተገልብጧል። ጎረቤት የምትሸጠው ሴት «ወርቅነሽን ነው? ታማ ቤቷ ናት። አንተ ምኗ ነህ?» አለችኝ።

«ዘመድ ነኝ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴ ጆሮ እንግዳ ሆነ። ሴትዮዋ ግን ምንም አልመሰላትም። «በዚህ ቅያስ ግባና የእንሰት ተክል ያለበትን ግቢ ጠይቅ» አለችና ወደ አሳዋ ዞረች። እንደዚያ ቀላል ነው ለካ።

እማማ ወርቅነሽ መደብ ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። ትኩሳቱ ለጊዜው ለቋቸው ስለነበር ፊታቸው ጠርቷል፤ ሲያዩኝ ቀና አሉ። «የማሽኑ ልጅ! እንዴት አገኘኸኝ?»

ብዙ ወሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። በቀጥታ ነገርኳቸው። ማሳደጊያ ማደጌን፣ ወላጆቼን አለማወቄን፣ ደሜ ከሰው ደም የተለየ መሆኑን፣ ከአንዱ ወላጄ የወረስኩት መሆኑን፣ ትናንት በእሳቸው ስም የመጣው ደም ልክ እንደኔ መሆኑን ነገርኳቸው። አቋርጠው አልጠየቁኝም።

«ዘመድ ነን ማለት ነው?» አሉ።

«እርግጠኛ አይደለሁም እማማ። ሊሆን ይችላል ነው እንጂ...»

«ቆይ፣ ቆይ።» እጃቸውን አነሱ። «የኔ ልጆች ሁለት ናቸው። ሴቷ አረብ አገር ናት። ወንዱ በሞያሌ መስመር መኪና ይነዳል። እኔ የጣልኩት ልጅ የለም። ግን ታናሽ እህት ነበረችኝ። ሻሸመኔ ሰው ቤት ተቀጥራ ሄዳ፣ ሆዷ ገፍቶ መጣች። አባታችን ከደጅ መለሳት። ከወራት በኋላ ስትመጣ ባዶ እጇን ናት። ልጁስ ስንላት አትናገርም። እኔ ብቻዋን ወስጄ ለምኛት ነበር። አልቅሳ ዝም አለች። ዓመት ሳይሞላት ሞተች።»

እኔ ከተቀመጥኩበት ወርጄ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እማማ ወርቅነሽ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሬን ነኩ። እጃቸው ሞቃት ነበር። የሰው እጅ ግንባሬ ላይ ካረፈ ስንት ጊዜው።

«ግንባርህ የእሷ ነው» አሉ። «እኔ እኮ አርብ ዕለት አውቄሃለሁ። የእህቴ ልጅ ነህ።»

አለቀስኩ። አፍሬ አፌን በእጄ ይዤ አለቀስኩ። እሳቸውም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ብላ፣ እዚያ ወሳ አለ፣ ዳታውም አለ፣ ራስህ አንሳ፤ እንግዳ አይደለህም» አሉኝ። የእንሰቱን ወሳ በቃሪያው ዳታ እያጠቀስኩ በላሁ። ዳታው አቃጠለኝ፤ ቃሪያው ነው እንዳልል እንባው ቀድሞ መጥቷል። ስወጣ «ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ና፤ ለልጄም እደውልለታለሁ፤ ወንድምህ ነው» አሉኝ።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት ልንገራችሁ? ልብሴን አጠብኩ፣ ጫማዬን ቀለም ቀባሁ፣ ሰኞ ይዤ የምሄደውን ስኳርና ሳሙና ገዛሁ። የአከራዬ ሚስት ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ አየችኝና «ዛሬ ምን አግኝተህ ነው የምታንጎራጉረው?» አለችኝ።

«ዘመድ አገኘሁ።»

«እሰይ! ድሮም ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ» አለች። ስንት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር ይህን ያህል አውርተን አናውቅም። ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሕይወት ተመልሳለች። ምንም አልነገርኳትም፤ ደስታዬን ትንሽ ለብቻዬ ላቆየው ፈለግሁ። ፍሪጅ ያደረውን የራሴን ብልቃጥ አወጣሁና ለወጉ ያህል ቺፗ ላይ አስገባሁት። እያፏጨሁ ነበር።

ደሙ መሃል መሃሉን ፈሰሰ።

ፉጨቴን አቆምኩ። ወደ ዳር የወጣው እፍኝ የማይሞላ ነው። ያንን ሰብስቤ መስታወት ላይ ቀባሁና አየሁ። ጥቂቶቹ ሕዋሶች ውስጥ ትንንሽ ቀለበት ይታያል፤ ወባ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ታምሜአለሁ የሚል ነበር። ቀጥሎ ቀለበቶቹን ትቼ ሕዋሶቹን አየሁ። ክብ ናቸው። የማየው ሕዋስ ሁሉ ክብ ነው።

«ዶክተር» ብዬ ጠራኋት። መጥታ ጎነበሰች።

«ወባ ነው። ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ቺፗ ሠራች እኮ! የማን ደም ነው?»

«መለያው የኔ ነው ይላል።»

«አንተ አሞሃል እንዴ?» አለችና መስታወቱን ገፋ አድርጋ ሌላ ቦታውን አየች። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። «ማቴ፣ ይሄ ያንተ ደም አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«አርብ ከአንተ ጋር ማን ተቀዳ?»

ነገርኳት። በእሳቸው ስም የመጣው ብልቃጥ ሞላላ እንደነበርም ነገርኳት። ቀና አለችና በሐዘን አየችኝ። «ተቀያይሯል። ያ ሞላላው ያንተው ነው» አለች።

ለካ ራሴን ነበር ያገኘሁት። ከተማውን አቋርጬ፣ ጫማ ቀለም ቀብቼ፣ ስኳር ገዝቼ ፍለጋ የሄድኩት የራሴን ደም ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ወተቷን ጠጥቼ ጨርሻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ቅጽበት ያዘንኩት ለራሴ ነው። ወባው የማን እንደሆነ ያሰበችው ዶክተር ሕይወት ናት።

«ሴትዮዋ ምንም የለብዎትም ተብለው ነው ቤት የሄዱት?»

ያኔ ነው የባነንኩት። አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ያ ግንባሬን የነካኝ ሞቃት እጅ። እሷ ጤና ጣቢያ ደወለች፤ ቁጥራቸውን ተቀበለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

«ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አንተ? እንዴት አወቅህ?» ጋዋኔን አውልቄ ወንበሩ ላይ ወረወርኩት። ፊቴ ላይ ያየችው ነገር የበቃት መሰለኝ። «በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን ሂድ» አለችኝ።

ባጃጁ ቅያሱ ውስጥ እስኪገባ አላስቻለኝም፤ ወርጄ ሮጥኩ። እማማ ወርቅነሽ መደቡ ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ቢከፈትም አያይም። በሲዳምኛ ከማላያቸው ሰዎች ጋር ያወራሉ። ከማውቃት ጥቂት ሲዳምኛ እህቴ የምትለዋን ቃል ለየኋት። ያቺ ሾርባ የምትሸጥ ጎረቤት መጥታ አብራኝ ተሸከመቻቸው። ባጃጁ ውስጥ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ነበር። ስንንገጫገጭ አንድ ጊዜ ባነኑና «የእህቴ ልጅ» አሉ። እንዳይመታቸው ጭንቅላታቸውን በእጄ ደገፍኩ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው አንድ እጁን ዘረጋ። «አንድ አስታማሚ ብቻ። ማነው አስታማሚ?» ጎረቤቷ ድስቷን እሳት ላይ ጥላ ነው የመጣችው። እኔን አየችኝ። «እሱ ነው፤ ዘመዷ ነው» አለች።

የወባው መርፌ ተጀመረላቸው። እኔ አልጋቸው አጠገብ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች ሥራቸውን ያውቁታል፤ አንዷ ፌስታል፣ አንዷ ፎጣ፣ አንዱ ትኩስ ውሃ በፔርሙዝ ሰጡኝ። «እናትህ ናት?» ሲሉኝ አንዴ ራሴን ነቀነቅሁ፣ አንዴ አወዛወዝኩ። ግንባራቸውን በእርጥብ ፎጣ ስጠርግ ግን እጄ አልሳተም። ማንንም አስታምሜ አላውቅም ነበር፤ ሳላስበው ቻልኩበት።

በማግስቱ ነቁ። አወቁኝ፣ ውሃ ጠጡ፣ ለአጠገባቸው በሽተኛ «የእህቴ ልጅ ነው፤ ጌታ ነው ያመጣልኝ» ብለው አስተዋወቁኝ። ሴትዮዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዝም ብዬ ልቀመጥ እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ዶክተር ሕይወት አትመጣም፤ ቺፗ አትናገርም። ልጃቸው ወንድሜ ይሆናል፤ ለበዓል ይጠሩኛል፤ የማን ልጅ ነህ ስባል የማወራው ይኖረኛል። ይህን ሁሉ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት፤ አላሰብኩም ብላችሁ ውሸት ነው። ግን እኚህ እናት የእህታቸውን ልጅ ነው የሚያቅፉት፤ እኔን አይደለም።

«እማማ» አልኳቸው፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ። «ብልቃጡ ተቀያይሮ ነው። ያ ሞላላ ደም የኔው ነበር። የእርስዎ ደም ክብ ነው። ወባውም የተገኘው በዚያ ነው።»

አልገባቸውም ብዬ ልደግም ስል ገብቷቸዋል። «የእሷ አይደለህም?»

«እንጃ። አይመስለኝም። የሚያገናኘን ምልክት የለም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ብርድ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ልስብ ስል ልቅሶ መሆኑን አወቅሁ። እህታቸው ስትሞት፣ ልጁ ሲጠፋ፣ አሁን ደግሞ እኔ በራሴ አፍ ሦስተኛውን መርዶ አረዳኋቸው። ቀኑን ሙሉ አልዞሩም። ሾርባ መጣ፣ አልጠጡም። እኔም ከወንበሩ አልተነሳሁም፤ የምሄድበት ስለሌለ ይሁን ስላሳዘኑኝ፣ አላውቅም።

ሲመሻሽ ነርሷ ጠያቂዎችን እያስወጣች መጣች። «አንተስ?»

አፌን ሳልከፍት ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። «እሱ ይቆይ። አስታማሚዬ ነው።»

ልጃቸው ከሞያሌ መስመር በሌላው ቀን ደረሰ። አቧራው ከፊቱ ሳይራገፍ አልጋው ላይ ተደፍቶ እናቱን ሳመ። እኔ ተነስቼ ወንበሯን ለቀቅኩለት፤ እሱም ሳያስብ ተቀመጠባት። ትክክል ነው፤ ቦታው የእሱ ነው። ከዚያ በሁለት እጁ እጄን ያዘና አመሰገነኝ፤ መልካም ሰው ነው። ቀጥሎ እንደ አገሩ ልማድ ጠየቀኝ።

«ወንድሜ፣ የማን ልጅ ነህ?»

እጄ ወደ ኪሴ አልሄደም። «አላውቅም» አልኩት። «ማሳደጊያ ነው ያደግሁት።»

ፎጣውን አጣጥፌ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩና ተሰናብቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ እማማ ወርቅነሽ ጠሩኝ።

«ማቲዎስ! አንተ ስትታመም ማን ያስታምምሃል?»

«እኔ አልታመምም እማማ።»

«ሰው አይደለህም? ትታመማለህ። ስትታመም ጥራኝ። በር ላይ ምኑ ነሽ ቢሉኝ መልስ አላጣም።»

በእግሬ ወደ ታቦር ወጣሁ። የገዛሁት ስኳርና ሳሙና ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር።

ምን ተለወጠ ካላችሁኝ፣ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ከዚያ ወዲህ መርፌው ከክንድ ሳይወጣ መለያ ይለጠፋል። ለዶክተር ሕይወት ሁሉንም ነገርኳት፤ በሥራ ሕጉ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ምሳ ጋበዘችኝ። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ስልኬ አይጠራም፤ አላውቅም እላለሁ። እንደፈራሁት ሰማይ አይደፋም፤ ሰዎቹ ትንሽ ይደነግጡና ሌላ ወሬ ይጀምራሉ። አንዳንዴ ያ የእህታቸው ልጅ ትዝ ይለኛል። ካለ፣ የሆነ ቦታ በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ይሆናል፤ አሞራ ገደል አንዲት አክስት ሾርባ እንደምትሸጥ አያውቅም። እናንተ ከመሃላችሁ የእሱ ዓይነት ሰው ካለ፣ የምነግረው የለኝም። አብሬው ብቀመጥ ግን ደስ ይለኛል።

እሳቸው ድነው ወደ ምድጃቸው ተመልሰዋል። ከሩቅ አይቻቸዋለሁ። አልሄድኩም። ሾርባ ልጠጣ ብዬ ብሄድ እንደ ማንኛውም ሾርባ ጠጪ እሆናለሁ፤ ያሉኝ ደግሞ ስትታመም ነው። ቁጥራቸው ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከባጃጅ ሾፌሩና ውሃ ከሚያመጣው ሰው መሃል፣ «አስታማሚ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ጤናዬ ደህና ነው፤ ከዚያ ወዲህ ታምሜ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ግንባሬን በእጄ እነካዋለሁ። እስካሁን ቀዝቃዛ ነው።